ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ለልጅ የሚቀረው ዕድል ምን ያህል ነው?

ጥያቄ፦ አሳዳጊ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴ ጋር በጉዲፈቻ የምናሳድገው ወንድ ልጅ አለን። ወደ እኛ የመጣው ሁለተኛ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ዕድሜውን በሙሉ ያሳለፈው ብዙ ሕፃናት በጥቂት ሞግዚቶች በሚጠበቁበት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። አሁን አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ተቃርቧል። ሰውነቱ ከመጣበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ተሻሽሏል፤ መሮጥና መንጠላጠልም ይወዳል። ንግግሩ ግን ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ እስካሁን ሁለትና ሦስት ቃላት ከማገናኘት ብዙም አልዘለለም።

ከንግግሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ አያለቅስም፤ ቀና ብሎም ማንንም አይፈልግም። የተላጠውን ለአፍታ ተመልክቶ ተነሥቶ ይሄዳል። በአንጻሩ ፈጽሞ የማያውቀው ሰው እጁን ከዘረጋለት ያለ ምንም ማመንታት ይዞት አብሮት ለመሄድ ይነሣል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በተደጋጋሚ እንደምሰማው የልጅ አእምሮ በሦስት ዓመቱ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገውም ብዙ አይለውጥም ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ በሐቅ ንገሩኝ፤ ከሐሰተኛ ተስፋ ይልቅ እውነቱን አውቄ መሥራት እመርጣለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ ጊዜያችንም ገንዘባችንም ውስን በመሆኑ ከምን እንጀምር የሚል ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ማስገባት፣ የንግግር ሕክምና ማስጀመር፣ ወይስ አንዳችን ሥራ ቀንሰን ቤት ከእርሱ ጋር መዋል?

መልስ፦ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ

ውድ እኅቴ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ በቂ መሠረት ያለው መልስ መስጠት ይቻላል፤ የእርስዎን ልጅ የመሰለ አጀማመር የነበራቸው ልጆች ለዐሥርታት በጥንቃቄ ተጠንተዋልና። እ.ኤ.አ. በ1989 የሮማኒያው የቻውሼስኩ መንግሥት ሲወድቅ በአገሪቱ ማሳደጊያዎች ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች ተገኙ። በ2000 ገደማ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ ከሚገኙ ስድስት ማሳደጊያዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆነ 136 ሕፃናትን ይዘው፣ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለዚሁ ሥራ በተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ዘንድ እንዲያድጉ፣ የቀሩት ደግሞ በተለመደው አያያዝ እንዲቀጥሉ አደረጉ። በከተማዪቱ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ከሞላ ጎደል ስላልነበሩ ጥናቱ ቤተሰብ ሊያገኝ የነበረን ልጅ አላስቀረም፤ ቆየት ብሎ ቤተሰብ የተገኘላቸው ልጆችም እንዳይወጡ አልተከለከሉም።

ውጤቱ ለእርስዎ ሁለት ገጽታ ያለው ነው። ወደ ቤተሰብ የተዛወሩት በንግግርም፣ በአእምሮ ብስለት መለኪያም፣ ከአሳዳጊ ጋር በሚፈጠር ቁርኝትም በማሳደጊያ ከቀሩት ተሽለው ተገኝተዋል። ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ከአሳዳጊያቸው ጋር አስተማማኝ ቁርኝት የነበራቸው ከተዛወሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ በማሳደጊያ ከቀሩት ግን ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከሁለት ዓመታቸው በፊት የተዛወሩት በብዙ መለኪያዎች ይበልጥ ማትረፋቸውም እውነት ነው፤ ይህን ልሸፍንብዎ አልፈልግም። ይሁን እንጂ ዘግይተው የተዛወሩትም ቢሆኑ ከዜሮ አልቀሩም። በኋለኞቹ ዓመታት በጉልህ የታየው ነገር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተረጋግተው የቆዩት ልጆች ከቤት ቤት ከተዘዋወሩት መሻላቸው ነው። የትኩረት ማነስና የመቁነጥነጥ ችግር ግን ቤተሰብ ከተገኘ በኋላም በቀላሉ አልጠፋም፤ ወደፊት በልጅዎ ላይ ቢያዩት የአስተዳደግ ጉድለታችን ነው ብለው ራስዎን እንዳይወቅሱ ከወዲሁ እነግርዎታለሁ።

ሌላው የማይክል ራተርና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። እነርሱ ከሮማኒያ ወደ እንግሊዝ በጉዲፈቻ የሄዱ 165 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋል። ማሳደጊያ ውስጥ ከስድስት ወር በታች የቆዩት እዚያው እንግሊዝ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉት ጋር ተመሳሳይ ሆነው አድገዋል። ከስድስት ወር በላይ ከቆዩት ዘንድ በርካታ ችግሮች እስከ ወጣትነት ዘልቀዋል፤ ከእነዚህ አንዱ እርስዎ የጠቀሱት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ያለ ማመንታት መሄድ ነው። ሆኖም በልጅነታቸው በአእምሮ ብስለት መለኪያ ወደ ኋላ ቀርተው ከነበሩት ብዙዎቹ ሃያዎቹን ሲይዙ ከእኩዮቻቸው ደርሰው ተገኝተዋል። ከስድስት ወር በላይ ከቆዩት ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ ደግሞ በየትኛውም ምርመራ ላይ ችግር አልታየባቸውም። አእምሮ በሦስት ዓመት ተሠርቶ ያልቃል የሚለው አባባል ከእነዚህ ውጤቶች ጋር አይሄድም።

አባባሉ የመጣው ከእውነት ቁራጭ ነው። አንዳንድ ችሎታዎች በእርግጥ የተወሰነ ጊዜ አላቸው። ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ዊዝል በ1981 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ዓይኗ የተሸፈነ የድመት ግልገል በኋላ ዓይኗ ቢከፈትም በዚያ ዓይን በደንብ ማየት አትችልም። የዓይን ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲታከሙ የሚቸኮለውም ለዚህ ነው። የንግግር ድምፆችን ለይቶ መስማትም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በሚሰማው ቋንቋ ይቀረጻል። ነገር ግን የቃላት ብዛት፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ችግርን አስቦ መፍታት ለብዙ ዓመታት የሚገነቡ ናቸው፤ ራስን መግዛት የሚመራበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ጥያቄው «ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም?» ከሚሆን ይልቅ «የትኛው ችሎታ?» ቢሆን ይሻላል።

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት

እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ልናገር። መዋዕለ ሕፃናት ማስገባት ብቻውን ለልጁ መፍትሔ ነው ብለው እንዳይገምቱ እለምንዎታለሁ። ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ የሚቀርበው በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ ከተማ ከ1962 እስከ 1967 የተካሄደው የፔሪ ፕሮግራም ነው። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ልጆች ነበሩበት፤ 58ቱ ትምህርቱን ሲያገኙ 65ቱ አላገኙም። በአእምሮ ብስለት መለኪያ መጀመሪያ የታየው ብልጫ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው ጥቂት ዓመታት እንደቆዩ ጠፋ፤ ፕሮግራሙም ከሸፈ ተባለ። ልጆቹ አርባ ዓመት ሲሞላቸው ግን ከተሳተፉት 77 በመቶዎቹ፣ ካልተሳተፉት 60 በመቶዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰው ተገኙ። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የታሰሩት ከተሳታፊዎቹ 36 በመቶ፣ ከሌሎቹ 55 በመቶ ነበሩ።

እኔ ከዚህ የምወስደው የፈተና ውጤት ጠፍቶ ሌላ ነገር ሊቀር እንደሚችል ነው፤ ያ የቀረው ነገር በመምህሯና በልጁ መካከል፣ በመምህሯና በእናቲቱ መካከል የተሠራ ይመስለኛል። በፔሪ አንዲት መምህርት የምትይዛቸው ልጆች ስድስት እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በየሳምንቱም ወደ ልጁ ቤት ሄዳ ከእናቱ ጋር ትሠራ ነበር። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ከሚባሉት ስንቶቹ ይህን ያደርጋሉ?

ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ ፊደል በስንት ወር እንደሚያስቆጥሩ አይጠይቁ። አንድ ጠዋት ፈቃድ ጠይቀው ጥግ ይዘው ይቀመጡ። ልጅ ሲናገር መምህሯ ጎንበስ ብላ ፊቱን እያየች ትሰማዋለች ወይስ ከላይ ሆና መልስ ትወረውራለች? ልጅ ሲያለቅስ ማን ይደርሳል፣ ምን ያህልስ ይቆያል? መምህራኑ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቀያየራሉ? ይህ የመጨረሻው ለእርስዎ ልጅ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው ሲቀያየርበት ያደገ ልጅ እንደገና ሰው በሚቀያየርበት ክፍል ቢገባ የለመደውን ነው የሚያጸናው። ቢቻልዎ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ፣ አንዲት ቋሚ መምህርት ባለችበት ያስጀምሩት።

መልስ፦ በሕዝብ ጤና ጥናት የምሠራ

ርእሰ መምህርቷ የሰጡትን ተግባራዊ ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ከፔሪ ወደዚያ ምክር የደረሱበት መንገድ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። ፔሪ 58 ልጆችን ብቻ ያስተማረ፣ በአንድ ከተማ የተካሄደ፣ ከስልሳ ዓመት በፊት የነበረ ሥራ ነው። ያልተሳተፉት ልጆች በዚያን ዘመን ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ግን ንጽጽሩ ሌላ ዓይነት መዋዕለ ሕፃናት ከሚውሉ ልጆች ጋር ነው። የቤት ጉብኝቱና የክፍል ትምህርቱም አንድ ላይ ስለተሰጡ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ከፔሪ ብቻ መለየት አይቻልም።

ጥናቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደማይጠቁሙም መታወቅ አለበት። በሰሜን ካሮላይና በ1972 የተጀመረው የአቤሴዳሪያን ፕሮጀክት ልጆችን ከጨቅላነት እስከ አምስት ዓመት ሙሉ ቀን ይይዝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ከተሳታፊዎቹ 23 በመቶ፣ ከሌሎቹ 6 በመቶ የኮሌጅ ዲግሪ ይዘው ተገኝተዋል። በአንጻሩ በቴኔሲ ግዛት በመንግሥት በሰፊው የተዘረጋው የቅድመ መደበኛ ትምህርት በዕጣ ተፈትኖ፣ ገብተው የተማሩት ልጆች በሦስተኛና በስድስተኛ ክፍል በትምህርት ውጤታቸው ካልገቡት ዝቅ ብለው፣ በሥነ ምግባር ጉዳይም ይበልጥ ተቀጥተው ተገኝተዋል። ይህ ውጤት ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም፤ እኔም ሳነበው አዝኛለሁ። ነገር ግን መልካም ሐሳብ ሲሰፋ ጥራቱን ካልያዘ ሊጎዳም እንደሚችል ያስተማረን እርሱ ነው፤ ስለ ቅድመ ልጅነት ስንጽፍ የሚስማማንን ብቻ እየመረጥን ወላጆችን ማስጨነቅ ወይም ማባበል የለብንም።

የድጋፉን ክፍሎች ለያይቶ የፈተነ ሥራ ከተፈለገ የጃማይካው ይሻላል። ሳሊ ግራንታም-ማክግሬጎርና ባልደረቦቿ በ1986 እና በ1987 በኪንግስተን ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን በአራት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ተጨማሪ ምግብ፣ ሌላው የጨዋታ ድጋፍ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው አንዱንም አላገኘም። የጨዋታ ድጋፉን ይሰጡ የነበሩት በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ረዳቶች ሲሆኑ፣ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ወደ ቤት እየሄዱ እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ለሁለት ዓመት አሳዩ። መጫወቻው ቤት ውስጥ ከሚገኝ ዕቃ የተሠራ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የጨዋታ ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት በአማካይ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ ተጨማሪ ምግቡ ብቻውን ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ውጤት አላሳየም። ይህም ቢሆን አነስተኛ ጥናት ነው። ሆኖም በአነስተኛ ወጪና ከፍተኛ ሙያ በሌላቸው ሰዎች ምን ያህል ሩቅ መሄድ እንደሚቻል ያሳየ በመሆኑ በእኔ ግምት ከፔሪ ይልቅ ለአንድ ቤተሰብ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የቡድን አማካዮች ናቸው፤ ስለ አንድ ልጅ ትንቢት ለመናገር አያገለግሉም።

አሳዳጊ እናት

እያንዳንዳችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። የትኩረት ችግር ሊቀጥል እንደሚችል አስቀድሞ መስማቴ ከመደናገጥ ይልቅ አረጋግቶኛል። የጃማይካው ነገር ደግሞ ጥያቄ ፈጠረብኝ፤ እነዚያ ረዳቶች በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ያሳዩት የነበረው በተጨባጭ ምንድን ነው? እኔና ባለቤቴ ብዙ መጫወቻ ገዝተንለታል፤ እርሱ ግን ብቻውን ይደረድራቸዋል እንጂ ወደ እኛ አያመጣቸውም።

መልስ፦ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ

ዋናው ነገር መጫወቻው ሳይሆን በመካከል ያለው ምልልስ ነው። ልጁ የሆነ ነገር ያያል፣ ይጠቁማል፣ ወይም ድምፅ ያሰማል፤ ትልቁ ሰው ያንኑ ይዞ ይመልስለታል፤ ልጁም እንደገና ይመልሳል። ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ ባደረገው ሙከራ እናቶች ከጨቅላቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ያለ ስሜት ዝም እንዲያደርጉት ጠይቋቸው ነበር። ጨቅሎቹ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ድምፅ ያሰማሉ፤ መልስ ሲያጡ ይረበሻሉ፤ በመጨረሻም ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጅዎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህን የመሰለ መልስ ማጣት በየቀኑ ገጥሞት እንደነበር ያስቡ። ማልቀስ ማንንም በማያመጣበት ቦታ አለማልቀስን ተምሯል፤ ለነበረበት ሁኔታ ተገቢ ትምህርት ነበር። አሁን እናንተ የምታስተምሩት ተቃራኒውን ነው።

ስለዚህ ሲወድቅ ባይጠራዎትም ይሂዱ። አጠገቡ ዝቅ ብለው ቁስሉን አብረው ይዩ፣ «አመመህ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ይበሉት፤ ካልፈለገ አይቀፉት፤ ግን ሳያጽናኑት አይነሡ። ይህን በወደቀ ቁጥር ያድርጉ፤ ለወራት ምላሽ ላያዩ ይችላሉ። መጫወቻ ሲደረድር ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው እርሱ የሚያደርገውን ያድርጉ፤ የእርስዎን ጨዋታ አያምጡበት። ቀዩን ካስቀመጠ እርስዎም ቀይ ያስቀምጡና «ቀይ» ይበሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ጥበቃው ለትልቅ ሰው ከባድ ነው፤ ብዙ ወላጆች ልጁ ሊመልስ ሲል እነርሱ ሌላ ቃል ይጨምሩበታል። ዓይኑን ቀና አድርጎ ካየዎት ያ ራሱ መልስ ነውና ወዲያው ይመልሱለት። እርሱ ሁለት ቃል ሲናገር እርስዎ በሦስትና በአራት ቃል አስፍተው ይመልሱት፤ «በትክክል በል» ብለው ግን አያስደግሙት።

ወደማያውቀው ሰው የሚሄደውን በተመለከተ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያቅፈው፣ የሚያጎርሰውና የሚያስተኛው እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ብትሆኑ ይመረጣል። ዘመድና ጎረቤት በፍቅር ሊያቅፉት ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱን አስረድተው እጁን ጨብጠው እንዲሰናበቱት ይጠይቋቸው። ከሦስቱ አማራጮች ምረጥ ብትሉኝ እኔ የምጀምረው በዚህ ነው፤ አንዳችሁ ሥራ ቀንሳችሁ ለጥቂት ወራት ቤት መዋል ከቻላችሁ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሰዓት ይጀመራል። የንግግር ባለሙያ ምርመራ ግን ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ።

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ተገቢ ነው፤ ግን ማንም ያላነሣው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ መስማቱ በመሣሪያ መመርመር አለበት፤ ታሪኩ ምንም ያህል ምክንያቱን የሚያስረዳ ቢመስልም። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል ማለት በቂ አይደለም። ብዙ ሕፃናት በተጠጋጉበት ቦታ ያደጉ ልጆች የመሐል ጆሮ ሕመም ደጋግሞ ሊይዛቸው ይችላል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም ልጁ ጮክ ያለውን እየሰማ የቃላቱን ስስ ድምፆች ያጣል። ይህ የሚታከም ችግር ሆኖ ሳለ በ«ማሳደጊያ ስላደገ ነው» ታልፎ ዓመት የሚባክንበት ልጅ ማየት ያሳዝነኛል።

ከዚሁ ጋር ዓይኑ ይታይ፤ በተለይ አንዱ ዓይን የሰነፈ ከሆነ ሕክምናው በዚህ ዕድሜ የተሻለ ውጤት አለው። በደም ምርመራ የብረት ማዕድን እጥረትና የእርሳስ መጠን እንዲታይለት ይጠይቁ፤ ሁለቱም ትኩረትንና ትምህርትን ይጎዳሉ፤ ለእርሳስ ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም። የመስማት ምርመራውን የንግግር ባለሙያው ከማየቱ በፊት ያስጨርሱና ውጤቱን በወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ አለበለዚያ ባለሙያው መጀመሪያ የሚልክዎት ወደዚያው ነው። በምርመራው ቀጠሮ ቀን ልጁን ጉንፋን ከያዘው ደውለው ያዘዋውሩት፤ በጉንፋን ጊዜ የተገኘ ውጤት የጆሮውን የዘወትር ሁኔታ አያሳይም።